ሰባት ሰው፣ አንድ ድምፅ፦ የዋር ባንድ ታሪክ

ከሎስ አንጀለስ በስተ ደቡብ፣ ከተማዋ ከባሕሩ ጋር በምትገናኝበት ጫፍ፣ የሎንግ ቢችና የሳን ፔድሮ ወደቦች ይገኛሉ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በአካባቢው ያሉት የመርከብና የአውሮፕላን ፋብሪካዎች ሌት ተቀን ይሠሩ ስለነበር፣ ከቴክሳስና ከሉዊዚያና የተነሡ ጥቁር ቤተሰቦች እንጀራ ፍለጋ ወደዚያ ጎረፉ። ሜክሲኮዎቹ ደግሞ ከእነሱ በፊትም እዚያው ነበሩ። ብዙ ሰፈሮች ለነጭ ብቻ ተብለው በቤት ሽያጭ ውል ታጥረው ስለነበር ጥቁሩም ሜክሲኮውም የሚኖረው በተረፈለት ቦታ ነው። በተረፈው ቦታ ደግሞ አጥር ለአጥር ተጎራበቱ። ልጆቻቸው አንድ ትምህርት ቤት ገቡ፣ አንድ መንገድ ላይ ኳስ ተራገጡ፣ አንዱ የሌላውን ሙዚቃ በመስኮት እየሰማ አደገ። በኋላ ዋር ተብሎ ዓለም ያወቀው ባንድ የዚህ ጉርብትና ልጅ ነው።

ነገሩ የሚጀምረው በ1962 ነው፤ እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ከበሮ መቺው ሃሮልድ ብራውንና ጊታር ተጫዋቹ ሃዋርድ ስኮት ገና የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ሳሉ ክሪኤተርስ የሚባል ባንድ አቋቋሙ። ኪቦርድ የሚጫወተው ሎኒ ጆርዳን፣ ቤዝ ጊታር የያዘው ቢ.ቢ. ዲከርሰንና ከሁሉም በዕድሜ የሚበልጠው ሳክስፎኒስት ቻርልስ ሚለር እየቆዩ ተቀላቀሉ። የሚያገኙት ሥራ የሰፈር ድግስና የትንንሽ ክለቦች ጭፈራ ነበር። በአንዱ ሰፈር ታዳሚው ሪትም ኤንድ ብሉዝ ይፈልጋል፣ በሌላው እንደ ቻ ቻ ቻ ያለ የላቲን ጭፈራ ካልተጫወትክ ከወንበሩ የሚነሣልህ የለም። ልጆቹ ሁለቱንም ቻሉ። ሁለቱን አንድ ላይ መቀላቀል የመጣላቸው ቆይቶ ነው፣ ግን እርሾው ያኔ ተጥሏል።

በነሐሴ 1965 ስኮት ካደገበት ከኮምፕተን ከተማ አጠገብ ያለው የዋትስ ሰፈር በፖሊስና በነዋሪው ግጭት ስድስት ቀን ነደደ፤ 34 ሰው ሞተ። በዚያው ዘመን የቬትናም ጦርነት ወጣቱን በገፍ ይጠራ ነበር፤ ስኮትም ለውትድርና ተመለመለና ባንዱ ተበተነ። ሲመለስ በ1968 እንደገና ተሰባሰቡ። ብራውን ያኔ በብረታ ብረት ሥራ የሌሊት ፈረቃ ይገባ ስለነበር አዲሱ ባንድ ናይትሺፍት ተባለ። ከምሥራቁ የአሜሪካ ጠረፍ፣ ከዴላዌር፣ የመጣ ፓፓ ዲ አለን የሚባል የኮንጋ ከበሮ መቺም አብሯቸው ነበር። ፓፓ ዲ በ1931 የተወለደ፣ ጃዝ ሲጫወት የኖረ ሰው ነው፤ “ፓፓ” የተባለውም በከንቱ አይደለም። የላቲኑ ምት በባንዱ ውስጥ አጥንት ያበጀው በእሱ እጅ ነው ብዬ አምናለሁ።

ናይትሺፍት በሰሜን ሆሊውድ ራግ ዶል በተባለ ክለብ ሥራ አገኘ። የሚያጅቡት ዘፋኝ ዲከን ጆንስ ነው፤ የሎስ አንጀለስ ራምስ ስመ ጥር የእግር ኳስ ተከላካይ (የአሜሪካኖቹን ኳስ ማለቴ ነው) ድምፃዊ መሆን አምሮት መድረክ ላይ ወጥቶ ነበር። በ1969 ጄሪ ጎልድስቲን የሚባል ፕሮዲዩሰር ዲከን ጆንስን ሊያይ መጥቶ ዓይኑን ከኋላ ባሉት ልጆች ላይ ጣለ። ተመልሶ ሲመጣ ሁለት ሰዎች ይዞ ነበር። አንዱ የእንግሊዙ አኒማልስ ባንድ ዘፋኝ የነበረው፣ ያኔ ከሮክ ዓለም ሰልችቶት አዲስ ነገር የሚፈልገው ኤሪክ በርደን ነው። ሌላው ሊ ኦስካር ይባላል፤ ኮፐንሃገን ውስጥ የተወለደ፣ ገና ሃያ አንድ ዓመት የሆነው ዴንማርካዊ፣ ንብረቱ ከኪሱ የማትለየው ሃርሞኒካ ናት። ኦስካር መድረክ ላይ ወጥቶ አብሯቸው ተጫወተ፤ ከዚያ ወዲያ አልወረደም።

ሃርሞኒካው ከሚለር ሳክስፎን ጋር ሲገናኝ ማንም ያላሰበው ነገር ተፈጠረ። ሁለቱ አንዱን ዜማ እኩል፣ በአንድ ትንፋሽ ሲጫወቱት ሃርሞኒካው ለሳክስፎኑ ስለት ይሰጠዋል፣ ሳክስፎኑ ለሃርሞኒካው ደረት ይሰጠዋል፤ ጆሮ የትኛው የትኛው እንደሆነ መለየት ያቅተዋል። ሌሎች የፈንክ ባንዶች ጥሩምባና ትሮምቦን ደርድረው የሚያወጡትን ኃይል እነዚህ በሁለት ሰው አወጡት። ሬዲዮ ላይ ሁለት ሰኮንድ ሰምቶ “ይህ ዋር ነው” የሚያሰኘው ይህ ድምፅ ነው።

ዋር ማለት ጦርነት ነው። ስሙን ያወጡላቸው ጎልድስቲንና ሸሪኩ ስቲቭ ጎልድ ሲሆኑ፣ ካሊፎርኒያ ውስጥ ወጣቱ ሁሉ “ሰላም” በሚልበት ሰዓት እንዲህ ያለ ስም ይዞ መውጣት ሰው ዞር ብሎ እንዲያይ ያደርጋል። ሙዚቀኞቹ በበኩላቸው ጦርነታችን በጦርነት ላይ ነው፣ መሣሪያችንም የሙዚቃ መሣሪያ ነው እያሉ አስረዱ። ስሙን ግን በሕግ ያስመዘገበው የእነጎልድስቲን ድርጅት ነበር። ያኔ ይህን ያሰበበት አልነበረም። ሃያና ሃያ አንድ ዓመት የሆነው ከኮምፕተን የመጣ ልጅ የሸክላ ውል ሲቀርብለት የንግድ ምልክት ማን ይይዛል ብሎ አይጠይቅም።

የመጀመሪያው አልበም በ1970 ኤምጂኤም አሳትሞት “ኤሪክ በርደን ዴክሌርስ ዋር” ተብሎ ወጣ። ከውስጡ ያፈተለከችው “ስፒል ዘ ዋይን” ናት፤ የተፈጠረችውም በአደጋ ነው። ሎኒ ጆርዳን በስቱዲዮው ውስጥ የወይን ጠጅ በድምፅ መቀላቀያው ሚክሰር ላይ ደፋው። ፈሳሹ በየመቆጣጠሪያው ሥር ሰርጎ ገባ፣ ዕቃው ከጥቅም ውጪ ሆነ፣ የስቱዲዮ ሰዎች አበዱ፤ ባንዱ ወደ ሌላ ክፍል ተዛወረ። በርደን ግን የተደፋውን ወይን ይዞ ዘፈን አደረገው። እሱ ከመዝፈን ይልቅ ሕልሙን እንደሚያወራ ሰው ይናገራል፤ ከኋላ የፓፓ ዲ ኮንጋ አይቋረጥም፤ ዋሽንት ይገባል ይወጣል፤ አንዲት ሴት በስፓንኛ ታንሾካሹካለች። እንዲህ ያለ ነገር በዚያ በጋ በአሜሪካ የሽያጭ ሰንጠረዥ ሦስተኛ ደረጃ ላይ ወጣ። ለሮክ ዘፋኙ ትንሣኤ ተብሎ የተጻፈው ይህ ስኬት ውስጡ ሲፈተሽ ላቲን ነው።

በመስከረም 1970 ባንዱ ለንደን ነበር፣ ሮኒ ስኮትስ በተባለው የታወቀ የጃዝ ክለብ። በመስከረም 16 ምሽት ጂሚ ሄንድሪክስ ጊታሩን ይዞ መጣና ከእነሱ ጋር ተጫወተ። ሃዋርድ ስኮት በዓለም ላይ አቻ የሌለው ጊታሪስት ከጎኑ ቆሞ አብሮት ሲጫወት አስቡት። ሄንድሪክስ ከሁለት ቀን በኋላ ሞተ፤ ለሕዝብ የተጫወተበት የመጨረሻው መድረክ ይህ ሆነ።

በርደን ብዙ አልቆየም። በ1971 መጀመሪያ በአውሮፓ ጉብኝት መሃል ጥሏቸው ሄደ። ትኬት ተሽጧል፣ ከተማ ከከተማ መድረክ ተይዟል፣ ሰው የሚመጣው የአኒማልሱን ዘፋኝ ለማየት ነው። ሰባቱ ያለ እሱ ቀጠሉና ጉብኝቱን ጨረሱት። እኔ የዋርን እውነተኛ ልደት የማየው እዚህ ላይ ነው። አንድ ድምፃዊ ከፊት አቁመው ከኋላ የሚያጅቡ ሰዎች መሆናቸው አበቃ፤ ከዚያ በኋላ ሁሉም ይዘፍናል፣ ሁሉም ይቀበላል።

አሠራራቸውም ከሌላው የተለየ ነበር። ዘፈን ጽፎ፣ አጥንቶ ወደ ስቱዲዮ መግባት የለም። ቴፑ ይከፈታል፣ አንዱ ምት ይጀምራል፣ ሌላው ይከተላል፣ ሃያ ደቂቃም ይሁን ሠላሳ እስኪበቃቸው ይጫወታሉ። ከዚያ ጎልድስቲን ቴፑን እየቆራረጠ ሬዲዮ የሚያስተናግደውን ሦስትና አራት ደቂቃ ያወጣል። ይህ የእሱ ችሎታ ነው፣ ሊነፈገው አይገባም። በሸክላው ጀርባ ላይ ግን የደራሲ ስም ሲጻፍ፣ ቃሉን ማን አመጣው፣ ዜማውን ማን ጀመረው ሳይባል፣ አብዛኛው ዘፈን ላይ የሰባቱም ስም በአንድነት ተደርድሮ ይገኛል። ጎልድስቲንም ብዙ ጊዜ ስምንተኛ ሆኖ ይገባል። በዚያ ዘመን አንድ ዘፈን ብቻውን የጻፈ ሰው ከጓደኞቹ ተለይቶ ቪላ ይሠራ ነበር፤ እነዚህ ተካፈሉት።

ዩናይትድ አርቲስትስ በ1971 ሁለት አልበም አሳተመላቸው። ሁለተኛው “ኦል ዴይ ሚዩዚክ” ውስጥ ያለችው “ስሊፒን ኢንቱ ዳርክነስ” ከአንድ ሚሊዮን ቅጂ በላይ ተሸጠች። ሙሉው ስኬት የመጣው ግን በኅዳር 1972፣ “ዘ ወርልድ ኢዝ ኤ ጌቶ” በተባለው አልበም ነው። በሽፋኑ ሥዕል ላይ በተጎሳቆለ ሰፈር መሃል አንድ ሮልስ ሮይስ ጎማው ተንፍሶበት ቆሟል፤ ሰፈሩ የዕለት ኑሮውን ይኖራል። የአልበሙ መጠሪያ የሆነው ዘፈን አሥር ደቂቃ ይፈጃል። ዲከርሰን በለሰለሰ ድምፁ ይጀምረዋል፣ ሌሎቹ እየተቀበሉ ያነሡታል፣ መሃል ላይ ሚለር በሳክስፎኑ ብቻውን ይቀራል። ቁጣ የለበትም። በእነዚያ ዓመታት ስለ ጥቁር ሰፈር የተዘፈነውን ሁሉ ደርድራችሁ ብታዳምጡ እንዲህ እያዘገመ፣ እየተከዘ የሚናገር አታገኙም። “ሲቲ፣ ካንትሪ፣ ሲቲ” የሚባለው ደግሞ ቃል የሌለው፣ አሥራ ሦስት ደቂቃ የሚረዝም ጉዞ ነው፤ ሃርሞኒካው ገጠር ያደርሳችኋል፣ ኦርጋኑና ሳክስፎኑ ከተማ ይመልሷችኋል።

የዚያ አልበም መግቢያ “ዘ ሲስኮ ኪድ” ነው። ሲስኮ ኪድን የፈጠረው የአጭር ልብ ወለድ ጸሐፊው ኦ. ሄንሪ በ1907 ሲሆን፣ በመጀመሪያው ታሪክ ጨካኝ ሽፍታ ነበር። ፊልም ሠሪዎች ቀስ በቀስ መልካም ሜክሲኳዊ ፈረሰኛ አደረጉት፤ ከ1950 እስከ 1956 በቴሌቪዥን ሲታይ ጀግናው ዳንካን ሬናልዶ፣ ጓደኛው ፓንቾ ደግሞ ሊዮ ካሪዮ ነበሩ። በዚያ ዘመን በአሜሪካ ቴሌቪዥን በፈረስ ተቀምጦ የተበደለ የሚያድን ሰው ሁሉ ማለት ይቻላል ነጭ ነው፤ ኮምፕተን ያደገው ሃዋርድ ስኮት ከእነዚያ ሁሉ መሃል የራሴ የሚለው ያገኘው ይህን ሜክሲኳዊ ነበር። እንግዲህ ጥቁር ልጅ የጎረቤቱን ጀግና ጀግናው አድርጎ ዘፈነለት። ዘፈኑ በ1973 ሁለተኛ ደረጃ ድረስ ወጣ። አልበሙ በየካቲት 1973 አንደኛ ሆነ፤ ቢልቦርድ የተባለው የሙዚቃ መጽሔትም ዓመቱ ሲዘጋ በ1973 ከሁሉም በላይ የተሸጠ አልበም ብሎ መዘገበው። ሰባቱ ሰዎች ከጥቁሩም ከነጩም ታላላቅ ስሞች ሁሉ ቀደሙ።

ከዚያ “ዴሊቨር ዘ ወርድ” በ1973፣ በመድረክ የተቀዳው ድርብ አልበም በ1974 መጡ። በ1975 ደግሞ “ዋይ ካንት ዊ ቢ ፍሬንድስ?” ወጣ። የአልበሙ መጠሪያ ዘፈን አንዱ ስንኝ ይላል፣ ሌላው ይቀጥላል፣ እያንዳንዱ በየተራው በራሱ ድምፅ ይገባል፤ አዝማቹ አራት ደቂቃ ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ከ40 ጊዜ በላይ ይመለሳል። ሕፃን ሊዘፍነው ይችላል። በሐምሌ 1975 የአሜሪካ አፖሎና የሶቪየት ሶዩዝ መንኩራኩሮች በጠፈር ላይ ሲገናኙ ናሳ ይህንኑ ዘፈን ለጠፈርተኞቹ አሰማ። በዚያው አልበም ውስጥ “ሌሮይስ ላቲን ላመንት” የሚባል ረጅም ቅንብር አለ፤ ሌሮይ የሎኒ ጆርዳን የመዝገብ ስም ነው። ለጭፈራ የሚሆን ላቲን ሙዚቃ ምን ያህል እንደገባቸው ማወቅ የሚፈልግ ሰው ከታወቁት ዘፈኖች ይልቅ ይህን ያድምጥ።

ግን ሁሉም የሚያውቀው “ሎው ራይደር” ነው፤ ስለዚህም ጥቂት ልቆይበት። ሎው ራይደር ማለት መሬት ሊነካ እስኪደርስ ዝቅ የተደረገ መኪና፣ ወይም የዚያ መኪና ሾፌር ነው። የሜክሲኮ አሜሪካውያን ወጣቶች ከጦርነቱ በኋላ አሮጌ ሸቭሮሌ እየገዙ ሞላውን ያሳጥሩ፣ በቀለምና በኒኬል ያስጌጡ፣ እሑድ ማታ በምሥራቅ ሎስ አንጀለስ በዊቲየር ጎዳና ላይ በቀስታ ይንሸራሸሩ ነበር። የሌላው አሜሪካ ወጣት በፍጥነት ሲወዳደር እነዚህ በዝግታ ተወዳደሩ። በ1958 ካሊፎርኒያ የመኪናው አካል ከቸርኬው በታች እንዳይወርድ የሚከለክል ሕግ በሥራ ላይ አዋለ። ልጆቹ ከአሮጌ አውሮፕላን የተነቀለ የሃይድሮሊክ ፓምፕ ገጠሙ፤ ፖሊስ ሲመጣ ቁልፍ ተጭነው መኪናውን ያነሡታል፣ ሲሄድ መልሰው ያወርዱታል።

ዘፈኑ እንደ መኪናው ነው የተሠራው። በቃጭልና በከበሮ ይጀምራል፤ ቃጭሉ ከላቲን ጭፈራ ቤት የመጣ ነው። ቀጥሎ የዲከርሰን ቤዝ ጊታር ይገባል፤ አጭር ሐረግ ነው፣ እስከ መጨረሻው አይለወጥም፣ አይቸኩልም። ከዚያ ሃርሞኒካውና ሳክስፎኑ ያችን ዜማ በአንድነት ያወጧታል። የሚዘፍነው ሳክስፎኒስቱ ሚለር ነው፤ ድምፁ ጎርናና፣ ከወንበሩ ወደ ኋላ ተንጋልሎ አንድ እጁን በመሪው ላይ ያሳረፈ ሾፌር ይመስላል። ቃላቱ ጥቂት ናቸው፣ ዘፈኑም ሦስት ደቂቃ ከምናምን ነው። በሪትም ኤንድ ብሉዝ ሰንጠረዥ አንደኛ፣ በአጠቃላዩ ሰባተኛ ሆነ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በካሊፎርኒያ ሎው ራይደር መኪና ያለበት ቦታ ሁሉ ይህ ዘፈን አለ፤ ቺካኖ የሚባሉት የሜክሲኮ አሜሪካውያን የራሳቸው መዝሙር አድርገው ወሰዱት፣ የዘፈኑት ሰዎች ሜክሲኮ አለመሆናቸውን ጉዳዬ ያለው አልነበረም።

በ1976 የምርጥ ዘፈኖቻቸው ስብስብ ከአዲሷ “ሰመር” ጋር ወጣ፤ እሷም ሰባተኛ ደረጃ ደረሰች። ከዚያ በኋላ ያለው ቁልቁለት ነው። ዲስኮ መጣ፤ ወደ ኤምሲኤ ተዛወሩና በ1977 “ጋላክሲ”ን አወጡ፤ ተጨፈረበት፣ ግን የቀድሞው ለዛ አልነበረውም። በ1979 ዲከርሰን ለቀቀ። በሰኔ 1980 ቻርልስ ሚለር ሎስ አንጀለስ ውስጥ በዘራፊ ተገደለ። ሳክስፎኑና ሃርሞኒካው በአንድ ትንፋሽ የሚያወጡት ድምፅ ከዚያ ወዲያ በሌላ ሰው ተተክቶ ተሰማ እንጂ ያው አልሆነም። በ1982 “አውትሎው” በተባለው አልበም ላይ “ሲንኮ ዴ ማዮ” ብለው ለሜክሲኮዎቹ በዓል ዘፈኑ፤ ጉርብትናውን አልረሱም። ብራውን በ1983 ወጣ። በዚያው ዓመት ሊ ኦስካር የራሱን የሃርሞኒካ ፋብሪካ ሥራ ጀመረ፤ ምላሱ ሲበላሽ ሙሉውን ዕቃ ከመጣል የተበላሸውን ክፍል ብቻ ለመለወጥ የሚቻልበት ሃርሞኒካ ነው፣ ዛሬም ብሉዝ ተጫዋቾች በስሙ ይገዙታል። በነሐሴ 1988 ደግሞ ፓፓ ዲ አለን ካሊፎርኒያ፣ ቫሌሆ ውስጥ በመድረክ ላይ እየተጫወተ ሳለ የአንጎሉ ደም ሥር ፈንድቶ ወደቀ፣ ሞተም። ዕድሜው 57 ነበር።

ባንዱ እየሳሳ ሲሄድ ዘፈኖቹ በሌላ በር ተመለሱ። የሂፕ ሆፕ ልጆች የአባቶቻቸውን ሸክላ እየፈተሹ ምት ሲቆርጡ ዋር ለመቁረጥ የተመቸ ሆኖ አገኙት። ቢስቲ ቦይስ በ1986 “ሎው ራይደር”ን ወሰዱ፤ በ1992 የዋርን ሙዚቃ የተጠቀሙ የራፕ ሥራዎች “ራፕ ዴክሌርስ ዋር” በሚል አንድ ላይ ተሰብስበው ወጡ። ፊልሞችም ሰባዎቹን ለማስታወስ ሲፈልጉ ወደ እነሱ ይሄዱ ነበር። ይህ ሁሉ ገንዘብ ያመጣል። በ1994 “ፒስ ሳይን” የተባለው አልበም ሲወጣ ብራውን ተመልሶ ነበር፣ ስኮትና ጆርዳንም አሉ፤ የሚያሳትመው የጎልድስቲን የራሱ ድርጅት ነው።

በዚህ ጊዜ ነው የስሙ ጉዳይ የተነሣው። በ1990ዎቹ አጋማሽ ሙዚቀኞቹ ከጎልድስቲን ተላቀው በራሳቸው ሊሠሩ ፈለጉና ጉዳዩ ፍርድ ቤት ደረሰ። ፍርድ ቤቱ የተመዘገበውን አየ፤ “ዋር” የሚለው ስም የጎልድስቲን ወገን ንብረት ነው ተባለ። ሎኒ ጆርዳን ከጎልድስቲን ጋር ቀረና አዳዲስ ልጆች ይዞ ዋር ሆኖ ቀጠለ። ብራውን፣ ስኮት፣ ኦስካርና ዲከርሰን፣ ማለት ያኔ በሕይወት ከነበሩት አምስት ሰዎች አራቱ፣ ስሙን መጠቀም ተከለከሉ። ከ1962 ጀምሮ ባንዱን ያቆሙት ብራውንና ስኮት ከነዚህ ውስጥ መሆናቸው ለእኔ አይዋጥልኝም። ሕጉ ትክክል ሊሆን ይችላል፤ የተፈረመ ወረቀት የተፈረመ ነው። ነገር ግን በየዘፈኑ ላይ ሰባት ስም አብሮ ለጻፈ ባንድ፣ አንዱን ስም ለማካፈል መንገድ አለመገኘቱ ያሳዝናል።

አራቱ ሎው ራይደር ባንድ የሚል ስም አወጡ። ይህን ማንም አልከለከላቸውም፣ አድማጩም ሰዎቹ እነማን እንደሆኑ ለማወቅ አልተቸገረም። ጆርዳን በበኩሉ በሚያዝያ 2008 ለንደን ሮያል አልበርት ሆል ውስጥ ከኤሪክ በርደን ጋር ከሠላሳ ሰባት ዓመት በኋላ አንድ መድረክ ላይ ቆመ፤ በ2014 “ኢቮሉሽነሪ” የሚባል አልበም በዋር ስም አወጣ። የሮክ ኤንድ ሮል የዝና አዳራሽ ባንዱን በተለያዩ ዓመታት ሦስት ጊዜ በዕጩነት አቅርቦ ሦስቱንም ጊዜ ሳያስገባው ቀረ። ቢ.ቢ. ዲከርሰን በሚያዝያ 2021 አረፈ። እሱ ይጫወት በነበረበት ጊዜ ያችን አጭር የቤዝ ጊታር ሐረግ በሁለት መድረክ መስማት ይቻል ነበር፤ በአንዱ ዋር የሚባል ባንድ ይጫወታታል፣ በሌላው ዋር መባል የተከለከለው፣ መጀመሪያ የተጫወታት ሰው።